የትርፌ ክርስትና

«የሥራ ልምድሽ ስንት ዓመት ነው?» አለኝ ሰውዬው። አቡዳቢ ውስጥ፣ አሥራ ሁለተኛ ፎቅ ላይ፣ የዱር እንስሳት ቆጠራ የሚሠራ ድርጅት ሰው ይቀጥራል ተብዬ ሄጄ ነው። ወረቀቴ ላይ የተጻፈው አራት ዓመት ነው። እኔ ግን «ሃያ ሁለት» አልኩት።

ከወረቀቱ ቀና ብሎ አየኝ። «ዕድሜሽ ሃያ ሰባት ነው እኮ የሚለው።»

«ልክ ነው» አልኩት፤ «አምስት ዓመቴ ላይ ነው የጀመርኩት።»

ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። ሥራውን ሰጡኝ፤ ለሳቁ ብለው ሳይሆን ለፈተና ወደ በረሃ ይዘውን ሲሄዱ አሸዋ ላይ ያለ ዱካ ከሁሉም ቀድሜ ስላነበብኩ ነው። የት ተማርሽው ብሎ የጠየቀኝ ግን የለም። አሁን ልናገረው ነው። ማንም ደስ ባይለው ጉዳዬ አይደለም፤ ዝም ማለትን ልጅ ሳለሁ ጨርሼዋለሁ።

አምስት ዓመት ሲሆነኝ እኔና እናቴ የምንኖረው ከስዌይሃን በስተሰሜን፣ ከአስፋልት ወጥቶ በመኪና አርባ ደቂቃ አሸዋ ውስጥ በሚገባበት የግመል እርሻ ላይ ነበር። እዝባ ይሉታል። ስልሳ ምናምን ግመል፣ ጥቂት ፍየሎች፣ የውሃ ታንከር፣ የድርቆሽ መጋዘን፣ ሁለት የቆርቆሮ ካራቫን። ባንደኛው ካራቫን የግመሎቹ ጠባቂ ጋሼ ጀፋር ይኖራል፤ በሌላኛው እኛ። ከዚያ ወዲያ አሸዋ ነው።

እናቴ ምንትዋብ ትባላለች። የሐይቅ ልጅ ናት፤ ጋሼ ጀፋር ደግሞ የባቲ። እሱ ሰላቱን ይሰግዳል፣ እሷ ዳዊቷን ትደግማለች፣ ሁለቱም ፍየል ያልባሉ። የግመል ወተት እሷ በአፏ አታዞርም፤ ለእኔ ግን በጣሳ ሞልታ ታጠጣኛለች። «ነፍስ አባቴ ይምጡና እዚህ ላም ያሳዩኝ» ትል ነበር፣ ማንም ምንም ሳይላት።

«እማ፣ የኛ ሥራ ምንድን ነው?» አልኳት አንድ ቀን።

ትንሽ አሰበች። «እንስሳ መቁጠር» አለችኝ።

አመንኳት። ለምን አላምናትም? በየዓርቡ እንቆጥር ነበር እኮ። ዓርብ ጠዋት ጋሼ ጀፋር በሩን በእጁ ጀርባ ይመታል። «ውጡ እንግዲህ፣ ውጡ፤ ሰዎቹ ሊደርሱ ነው» ይላል። ሰዎቹ ማለት የእርሻው ባለቤት ከነልጆቹ ነው። ፀጉሩም ጺሙም ነጭ ስለሆነ እነ እናቴ ሼባው ነበር የሚሉት። እናቴ ውሃና ቂጣ፣ አንድ እፍኝ ተምርና ብርድ ልብስ በከረጢት ትይዛለች፤ ሦስተኛውን የአሸዋ ኮረብታ አልፈን አንድ ጋፍ የሚባል ዛፍ ሥር እንተኛለን፣ በሆዳችን። እስኪመሽ አንነሳም። እዚያ መናገር ክልክል ነው፣ ቀይ መልበስ ክልክል ነው፣ ኮረብታው ጫፍ ላይ መቆም ደግሞ ፈጽሞ ነውር ነው፤ እንስሳ ይደነግጣላ።

እንስሶቹም ይመጡ ነበር። ዝም ላለ ሰው በረሃው ሁሉንም ያሳየዋል። ሚዳቋዎች በመስመር፣ አንዷ ሁልጊዜ ቆማ ጆሮዋን እያዞረች። ጆሮው ከራሱ የሚበልጥ ቀበሮ፣ ፀሐይ ስትበርድ። ዶብ የሚሉት ወፍራም እንሽላሊት፣ ጅራቱ እሾህ በእሾህ፣ ከጉድጓዱ ወጥቶ እንደ ሽማግሌ ፀሐይ የሚሞቅ። ላንዱ እንስሳ አንድ የተምር ፍሬ አስቀምጣለሁ። ማታ ካራቫናችን መስኮት ላይ ደርድሬ እናቴን አስቆጥራታለሁ።

«ሚዳቋ ሰባት፣ ጥንቸል አንድ፣ ቀበሮ አንድ» ትላለች።

«እኛስ?»

«እኛ አንቆጠርም። ቆጣሪ ራሱን አይቆጥርም።»

ትልቅ ሹመት መሰለኝ። ስንት ልጅ ነው በአምስት ዓመቱ የመንግሥት ሥራ ያለው? ሼባው ራሱ በእኛ ሥራ ላይ እንዳይገባ ነው የምንሸሸው ብዬ ነበር የማስበው።

ነገሩ ሌላ ነው። እናቴ ፈላጅ ሃዛ በሚባል ሰፈር የአንድ ቪላ ቤት ሠራተኛ ነበረች። አባቴ ሙሳፋህ በሚባል ቦታ ጋራዥ ይሠራ የነበረ ሰው ነው፤ እኔ ሆዷ ውስጥ እያለሁ ወደ አገሩ ላኩትና ከዚያ በኋላ ድምፁ ጠፋ። እሷም ሆዷ ሳይታወቅባት ከማዳሟ ቤት ወጣች፤ ፓስፖርቷ ቪዛዋን የያዘው ካፊሏ ጋር ቀረ፤ እኔ አንድ የሠራተኛ ክፍል ውስጥ ተወለድኩ፤ አራት ዓመት ከክፍል ክፍል ስትዞር ኖራ መጨረሻ ላይ ጋሼ ጀፋር ዘንድ ገባች። ኢቃማ፣ የመኖሪያ ፈቃድ ማለት ነው፣ የላትም፤ እኔ ደግሞ የልደት ወረቀት እንኳን የለኝም። ሼባው ካወቀ እሷ ትያዛለች፣ የጀፋር ኢቃማ ይሰረዛል። በባቲ ስድስት ልጆች የሚያሳድግ ሰው ነው ይህን በራሱ ላይ ያመጣው፣ «ያገሬ ልጅ ናት» ብሎ።

እኔ ግን ጠላሁት። እውነቴን ነው፣ ጋሼ ጀፋርን ከልቤ ነበር የምጠላው። ዓርብ ዓርብ ከቤታችን የሚያስወጣን እሱ ነው። ይባስ ብሎ ደግሞ ከኋላችን የደረቀ የዘንባባ ዝንጣፊ ይዞ ይመጣና የረገጥነውን አሸዋ ጠራርጎ ያጠፋዋል። የእናቴን እግር፣ የእኔን እግር፣ አንድም ሳይቀር። እግራችንን የሚጸየፍ መሰለኝ። እኔም እልኸኛ ነኝ፤ ሆን ብዬ ተረከዜን እየደቃሁ መሄድ ጀመርኩ። አንድ ቀን ዞር አልኩና «ጋሼ፣ እርስዎ ክፉ ነዎት» አልኩት።

«ነኝ» አለ፣ መጥረጉን ሳያቆም።

እናቴ በአፏ ላይ እጇን ጫነች፤ ስቅ እያለች ነበር፣ ከሳቅ ይሁን ከልቅሶ ያኔ አልለየሁም።

ከዚያ ትርፌ መጣች። ጋሼ ጀፋር አንድ ጠዋት በሽርጡ ጠቅልሎ አመጣት፣ እግሮቿ እንደ እስክሪብቶ የቀጠኑ የሚዳቋ ግልገል። እናቷን የስዌይሃን መንገድ ላይ መኪና ገጭቷታል፤ እሷ ዳር ቁጥቋጦ ሥር ተኝታ ቀርታለች። «የተረፈችው ይቺ ናት» አለ፤ ስሟም በዚያው ትርፌ ሆነ። በጡጦ የፍየል ወተት አጠጣናት። በሦስት ሳምንቷ ከኋላዬ እየተከተለች ትሮጥ ነበር። ሼባው ሲመጣ በራሷ ጊዜ ወደ አሸዋው ትሸሻለች፤ የሰለጠነች ቆጣሪ ነበረች።

ሼባው የዱር እንስሳ በመሬቱ ላይ እንዲነካ አይፈቅድም ነበር። ይህን ጋሼ ጀፋርና እናቴ ሲያወሩ ሰማሁ። «ካያት ይወስዷታል» አለ ጋሼ ጀፋር። እናቴም «ወረቀት የሌለው ሁሉ ይወሰዳል» አለች። እኔ ካራቫኑ ጥላ ሥር ትርፌን አቅፌ ተቀምጫለሁ። ይበልጥ አጥብቄ ያዝኳት።

ምክንያቱም ወረቀት ምን እንደሆነ አውቃለሁ። እናቴ አንገቴ ላይ ያለውን ጥቁር ማተብ እየነካካች አንድ ታሪክ ትነግረኝ ነበር። በሰማንያ ቀኔ አቅፋኝ በሰው መኪና አቡዳቢ ሄዳለች፤ ቄስ መጥተው አንድ ቪላ ሳሎን ውስጥ የሠራተኛ ልጆችን ያጠምቁ ነበር። ጸዳለ የምትባል ወይዘሮ ክርስትና አነሳችኝ። «ያን ቀን ይቺን ክር አሰሩልሽ» ትለኛለች፤ «ሌላ ወረቀት የለሽም። ወረቀትሽ ይቺ ናት። ይቺን ያሰረን ሰው ማንም አይወስደውም።»

እንግዲህ ሥራዬን አወቅሁ። ትርፌ ሴት ናት፤ ሴት ደግሞ በሰማንያ ቀኗ ነው። መስኮቱ ላይ የተምር ፍሬ እየጨመርኩ ቆጠርኩ፤ እናቴን በየማታው እያስቆጠርኩ፣ ለምን እንደሆነ ሳልነግራት። ሰማንያ ሲሞላ ትርፌን ወደ ግመሎቹ ገንዳ ወሰድኳት። ሦስት ጊዜ ውሃ አፈሰስኩባት። ቄሱም እኔ፣ የክርስትና እናቷም እኔ። ከዚያ ማተቤን ከአንገቴ አውጥቼ እሷ አንገት ላይ ሁለት ዙር አዙሬ አሰርኩት፣ እንዳይወልቅ አድርጌ፣ በጥርሴ ጭምር ጎትቼ። ውሃውን አራገፈችብኝና ሄደች።

እናቴ ማታ አንገቴን አየች። «ማተብሽስ?»

«ጠፋ» አልኳት። ዋሸኋት፤ እንስሳ አይጠመቅም ትለኛለች ብዬ ፈርቼ ነው። አሸዋውን በእጇ እያበጠረች ሁለት ቀን ፈለገችው። ሦስተኛው ቀን ከነጠላዋ ጠርዝ ክር መዝዛ ሌላ አሰረችልኝ፣ እያለቀሰች። ለክር ይለቀሳል እንዴ ብዬ ታዘብኳት።

አንድ ወር ያህል ቆየ። አንድ ሐሙስ ጠዋት፣ ማንም ሳይጠብቀው፣ ሼባው ብቻውን በመኪናው መጣ። ጋሼ ጀፋር ዝንጣፊ የሚይዝበት ጊዜ አልነበረም። እናቴ ክንዴን ይዛ ድርቆሽ መጋዘኑ ውስጥ ገባችና ከድርቆሹ እስሮች ኋላ ተጎነበስን። በቆርቆሮው ቀዳዳ ግቢው ይታያል። የኔ እግር ዱካ ከካራቫኑ እስከ መጋዘኑ በር ድረስ ተደርድሮ ነበር፣ ትንንሽ፣ ተረከዙ የደቃ።

ሼባው ከመኪናው ወርዶ ቆመ። እጁ ውስጥ ትርፌ ነበረች። መንገድ ላይ ነው ያገኛት፤ ሰው ስለማትፈራ ይዟት መጥቷል። አንገቷን ወደ ላይ አድርጎ ለጋሼ ጀፋር አሳየውና በዐረብኛ ተቆጣ። ሁሉን ባልሰማም ብዙውን ሰማሁ፤ ያደግሁበት ቋንቋ ነው። ክሩን ወጥመድ ነው አለው። ከመሬቴ ላይ ሚዳቋ ታጠምዳለህ አለው። ክሩ ሥጋዋ ውስጥ ሊገባ ነው፣ ወር ቢቆይ ታንቃ ትሞት ነበር አለ። ቢላ አወጣና ክሩን ቆረጠው፤ ትርፌ እየተንገዳገደች ሸሸች። «ኸላስ፣ አበቃ። ኢቃማህን እሰርዛለሁ። ለፖሊስም እነግራለሁ።»

ጋሼ ጀፋር አሸዋ አሸዋውን አየ። «የልጅ ሥራ ነው» ቢል ያልቅ ነበር። አላለም።

የእናቴን ትንፋሽ ጆሮዬ ላይ ሰማሁት። «አንቺ ነሽ?» አለችኝ በሹክሹክታ። ራሴን ነቀነቅሁ፣ በኩራት። ፊቴን በሁለት እጇ ያዘች። «እዚህ ቆይ። እስክመጣ ድረስ እስሮቹን ቁጠሪ። ብትሞቺ እንዳትወጪ።» ነጠላዋን አጣፋችና ተነስታ በሩን ከፍታ ወጣች።

ሼባው ዞር አለ። እናቴ አሥር እርምጃ ያህል ቀርታ ቆመች። «ወጥመድ አይደለም» አለችው በወጥ ቤት ዐረብኛዋ። «የክርስቲያን ክር ነው። እኔ ነኝ ያሰርኩት። እሱ አያውቅም። ከኔ ጋር ተነጋገር።»

ጋሼ ጀፋር በአማርኛ «ምንትዋብ፣ ግቢ» አላት።

«አልገባም» አለች። «ሁለት ዓመት ገብቻለሁ። ይበቃኛል።»

አሁን እዚህ ላይ የተሰማኝን ልንገራችሁ። ኩራት አልነበረም፤ ንዴት ነበር። እኔ ሰማንያ ቀን ቆጥሬ፣ እኔ አጥምቄ፣ እኔ በጥርሴ አስሬ፣ እናቴ ወጥታ «እኔ ነኝ» ትላለች። ሥራዬን ወሰደችብኝ። እስሮቹን አሥራ ሰባት ድረስ ቆጠርኩ። አሥራ ስምንተኛው ላይ ተውኩት።

ሮጬ ወጣሁ። «ውሸት ነው» አልኩ በዐረብኛ። «እሷ አይደለችም። እኔ ነኝ ክርስትና ያነሳኋት።»

እናቴ ዓይኗን ጨፈነች። ሼባው መጀመሪያ እኔን አየኝ፣ ቀጥሎ እግሬን፣ ቀጥሎ አሸዋው ላይ ያለውን ዱካ፣ ከካራቫኑ እስከ መጋዘኑ። ገንዳው ጠርዝ ላይ ቁጭ አለ።

«ስምሽ ማነው?»

«ሳምራዊት።»

«እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?»

«እንስሳ እቆጥራለሁ» አልኩት። «ያንተን ሚዳቋዎች። ሃያ ሦስት ናቸው። ትርፌን ሳይጨምር።»

ሽማግሌው አልሳቀም። ወደ እናቴ ዞሮ በዝግታ አንድ ነገር ተናገራት፤ ያኔ አልገባኝም፣ በኋላ ነው የነገረችኝ። «ዓይኔን ጨፍኜ ነበር እኮ» ነው ያላት። «ለምን አስከፈታችሁኝ?»

ዛሬ በሙያዬ የማውቀው ይኸን ነው፦ የተጠረገ አሸዋ ከእግር ዱካ ይልቅ ይጮሃል። በረሃ ውስጥ ያደገ ሰው ዝንጣፊ የተጎተተበትን መሬት አይቶ አያልፍም። ሼባው ሁለት ዓመት ሙሉ ያውቅ ነበር። ጋሼ ጀፋር በየዓርቡ ወገቡ እስኪቆረጥ ሲጠርግ፣ ሽማግሌው ደግሞ በየዓርቡ መጥረጊያውን እያየ ሻዩን ይጠጣ ነበር። ሁለቱም ይዋሻሉ፣ ሁለቱም ለእኛ ሲሉ፤ ያፈረስኩት እኔ ነኝ። ይህን የተረዳሁት አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ላይ ነው፤ ከዚያ በኋላ ስንት ሌሊት እንቅልፍ እንዳጣሁ እኔ ነኝ የማውቀው።

ሼባው ፊት ለፊት ያየውን ግን አላየሁም የሚል ሰው አልነበረም። «እስከ ቅዳሜ» አለ። «ቅዳሜ እኔ ስመጣ ራሳችሁ ሄዳችሁ መሆን አለበት። ጀፋር ይቀመጣል።» መኪናው ውስጥ ገብቶ ሄደ። እናቴ የተቆረጠውን ማተብ ከአሸዋው ላይ አነሳች፣ ቋጠረችው፣ ካሰረችልኝ ክር በላይ ደርባ አንገቴ ላይ አሰረችው። አልተቆጣችኝም። ያልተቆጣችኝ ጥሩ ሥራ ስለሠራሁ ነው ብዬ አሰብኩ።

ቅዳሜ ጠዋት ጋሼ ጀፋር በፒካፑ አል አይን ድረስ ወሰደን። እናቴ አንድ የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤት ገብታ «እኔ ነኝ» አለች፣ ማንም ሳይዛት፣ በእግሯ። ስድስት ሳምንት ሌሎች ሴቶች ያሉበት አዳራሽ ውስጥ አደርን፤ እኔ ሴቶቹን ቆጠርኳቸው፤ አርባ አንድ። ጣቶቿን ማሽን ላይ አስቀምጠው አሻራ ሲወስዱባት «የኔንም» ብዬ እጄን ዘረጋሁ። ለሹመት መስሎኝ ነው። ከኤምባሲ አንድ ወረቀት መጣልኝ፣ የመጀመሪያዬ፤ ስሜ ላዩ ላይ አለ። ከዚያ አውሮፕላን። ሽልማት ነው አልኩ። ሁለት ሚዳቋ በመስኮት ያየሁ መስሎኝ ለእናቴ ነገርኳት፤ እሷ ግን ወደ ወንበሩ ጀርባ ዞራ ነበር።

አሻራ ያለበት ሰው ተመልሶ አይገባም ይባላል። እኔ ግን ልጅ ነበርኩ፤ የኔን ጣት አልወሰዱትም። ሐይቅ ተማርኩ፣ ባሕር ዳር ተማርኩ፣ በወረቀት፣ በማኅተም፣ በራሴ ስም ተመለስኩ። ለእናቴ የጉብኝት ቪዛ ሦስት ጊዜ ጠየቅሁላት፤ ሦስቱንም ጊዜ ከለከሏት። አራተኛውን ጠየቅሁ። እዚህ ድርጅት ውስጥ ያሉት ልጆች «ተይው በቃ» ሲሉኝ «አልተወውም» አልኳቸው። ባለፈው ጥር ገባች።

በነጋታው ወደ ስዌይሃን ይዣት ሄድኩ። ሼባው ሞቷል፤ ልጁ የቆጠራ ፈቃዳችንን አይቶ በሩን ከፈተልን። ጋሼ ጀፋር ከኛ በኋላ ዘጠኝ ዓመት እዚያው ሠርቶ አሁን ባቲ ነው። ስደውልለት «ክፉ ነዎት ብዬዎት ነበር፣ ይቅር ይበሉኝ» እለዋለሁ። «ነበርኩ» ይላል ሁልጊዜ።

ካራቫናችን የለም፤ ድርቆሽ መጋዘኑ አለ። መኪናው ውስጥ እያለን አወጣሁት፣ ስንት ዓመት የተሸከምኩትን። «እማ፣ ያን ቀን ባልወጣ ኖሮ ሽማግሌው ያሳልፈው ነበር። ያወቅሁት በኋላ ነው። እኔ ነኝ ያስያዝኩሽ።»

ዞር ብላ አየችኝ። «እኔ የወጣሁት ለጀፋር ብዬ ነው» አለች። «ለኔ ብዬማ አልወጣም ነበር። አንቺ ግን ስምሽን ለመናገር ወጣሽ። አንቺ ባትወጪ ኖሮ እስከ ዛሬ ድርቆሽ እየቆጠርሽ ነበር። እንዲህ ያለ ነገር ደግመሽ እንዳታወሪኝ።»

ሦስተኛው ኮረብታ ሥር መኪናውን አቆምኩ። ከፊቴ ሄደች። ልማድ ሆኖብኝ ዱካዋን አየሁት፤ ትንሽ ነው፣ ግራው ወደ ውጭ ይጠመዝዛል። ጋፉ ዛፍ ጋ ልትደርስ ስትል ቆመች፣ ወደ ኋላ የረገጠችውን ተመለከተች። አዲስ በተሠራ አጥር ሥር የደረቀ የዘንባባ ዝንጣፊ ወድቋል። ጎንበስ ብላ አነሳችው።

«እማ፣ ተይው» አልኳት።

ዝንጣፊውን ጉልበቷ ላይ አስደግፋ ሁለት ቦታ ሰበረችውና ወረወረችው። ጫማዋን አወለቀች። ስድሳ ዓመት ሊሞላት ነው፤ ተረከዟን እየደቃች፣ እንደኔ፣ ዛፉን አንድ ጊዜ ዞረችው።

«እስቲ አሁን ይቁጠሩን» አለች።

ፎርሙን ከመኪናው አወጣሁ። ሚዳቋ የሚል ረድፍ አለው፣ ቀበሮ፣ ጥንቸል፣ ዶብ። ሰው የሚል ረድፍ የለውም። ከታች ባዶ ቦታ ላይ በእጄ ጻፍኩት፦ ሰው፣ ሁለት።